ለታናሹ የተጠራቀመ ዝናብ

ልጄ የመጀመሪያውን የወተት ጥርሷን የነቀለች ዕለት አባቷ ትከሻው ላይ አወጣትና ጥርሷን ቆርቆሮው ላይ ወረወረችው። ልጅ ሁሉ እንደሚለው ነጩን ስጠኝ ብላ ለመነች። ስድስት ዓመቷ ነበር። ጥርሷ ቆርቆሮው ላይ ሁለት ጊዜ ነጥራ ስትቆም ሰማንና ሦስታችንም ሳቅን።

ያኔ አዋሽ ከገባሁ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደጋ ተወልጄ ደጋ ያደግሁ ሰው ነኝ። የጽሕፈት ሥልጠና ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት አዋሽ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ነው። የአዋሽን ውሃ መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ሰው ጨው የነሰነሰበት መስሎኝ ተፋሁት። ሳሙና አረፋ አይሰጥበትም። ባቄላ ቢጥዱበት ከጠዋት እስከ ቀትር ሲንተከተክ ውሎ እንደ ጠጠር ነው። ማንቆርቆሪያ በሁለት ወሩ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ሰው ግን የማይለምደው የለም፤ እኔም ለመድኩ። ብየዳ ቤት የነበረው አንድ የአዋሽ ልጅ አገባሁና እዚያው ቀረሁ።

ባሌ ጥርሱ የበለዘ ነው። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱም አዋሽ ተወልዶ አዋሽ ነው ያደገው። አብሮ አደጎቹ ተሰብስበው ሲስቁ የሁሉም ጥርስ የሻይ ቀለም ነው። "የአገራችን ማኅተም ነው" ይለኝ ነበር። ሙቀቱ ነው የሚሉ አሉ፣ ጨው ነው የሚሉ አሉ፣ ዘር ነው የሚሉም አሉ። እኔ ዘር ነው ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ልጄ ስትወለድ በጥርስ እንኳ በእኔ ትውጣ ብዬ ተመኘሁ፤ ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

አዲሶቹ ጥርሶቿ ብቅ ሲሉ ጠመኔ የነካካቸው ይመስሉ ነበር፤ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎባቸዋል። ደስ አለኝ። ቆይቶ ነጠብጣቡ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ። የፊቶቹ ሁለቱ ላይ ደግሞ በሚስማር የተጫረ የሚመስል ጥቁር መስመር ወጣባቸው። አዋሽ ሳለን ማንም ምንም አላላትም፤ ከክፍሏ ልጆች ግማሹ እንደሷ ነው። ነገሩ የጀመረው ለጥምቀት እናቴ ዘንድ ይዣት የወጣሁ ጊዜ ነው። የወንድሜ ልጆች ከበዋት ቆመው ጥርስሽን ለምን አትፍቂውም ብለው ጠየቋት። ክፋት አልነበራቸውም፤ የእውነት ለማወቅ ነበር የጠየቁት። በማግስቱ ከቤት ኋላ ሳገኛት ከሰል ደቁሳ፣ ድዷ እስኪደማ በመፋቂያ ስትፍቅ ነበር። ጥቁሩ ምራቅና ደሙ ተቀላቅሎ ቀሚሷ ላይ ወርዷል።

"አልለቅ አለኝ እማ" አለችኝ።

አፏን አጥቤ አቀፍኳት። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች። ስምንት ዓመቷ ነበር።

በዓመቱ ሁለተኛ ልጅ አረገዝኩ። በዚያው ሰሞን ቢሮ አንድ ደብዳቤ እንድጽፍ ተሰጠኝ። የውሃ ምርመራ ውጤት ነው፤ የእኛን ሰፈር የሚያጠጣውን ጨምሮ ጥቂት ጉድጓዶች ተዘርዝረው አጠገባቸው ቁጥር ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ወረቀት ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ። ጸሐፊ ፊደሉን እንጂ ነገሩን አያነብም። ያን ቀን ግን አንደኛው ዓምድ ላይ ፍሎራይድ የሚል ቃል ነበርና አጻጻፉን ላረጋግጥ ባለሙያው ክፍል ሄድኩ። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቃሉን ካረሙልኝ በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው" አሉኝ። "ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። አንቺ ደጋ ስላደግሽ አልነካሽም። ልጅ የሚጎዳው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ከበቀለ በኋላ ወደኋላ አይመለስም።"

ምን ይሻላል ብዬ ጠየቅሁ። ማፍላት አይረዳም፣ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ያው ነገር ታች ይቀራል አሉ። ማጣሪያ መትከልም ሆነ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር የበላይ ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ልወጣ ስነሳ፣ ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ግን ይህ ነገር የለበትም አሉኝ።

ደብዳቤውን ጽፌ ጨረስኩ። በምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ መዝገብ ቤት ገብቼ የድሮ ፋይሎችን ማገላበጥ ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴ አልነገርኩትም፤ ሆዴ ግን ያውቅ ነበር። አገኘሁት። በታይፕ የተመታ፣ በካርቦን የተገለበጠ፣ ወረቀቱ የወየበ ቅጂ። ያው ጉድጓዶች፣ ያው ዓምድ። ከግርጌው በስተግራ የጸሐፊዋ ምልክት አለ፤ የእኔና የአባቴ ስም መነሻ ፊደል። ቀኑን አየሁ። ልጄ ያኔ የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበረች። ያንን ወረቀት ጽፌ፣ ቢሮ ዘግቼ፣ ቤት ገብቼ፣ ከዚያው ጉድጓድ በመጣ ውሃ አጥሚት ሠርቼ በገዛ እጄ አጠጥቻታለሁ ማለት ነው።

ፋይሉን ወደ ቦታው መለስኩት። ለባሌ ስለ ውሃው ነገርኩት። ስለ ወረቀቱ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም።

ባሌ ነገር አያበዛም። በሳምንቱ ላሜራ አጥፎ አሸንዳ ሠራና በጣሪያው ጠርዝ ሰቀለው፤ ከመጨረሻው ሥር በርሜል አቆመ። ጎረቤት ሳቀብን። ሰማዩ ወሩን ሙሉ አንድ ደመና በማያሳይበት አገር አሸንዳ መስቀል ለእነሱ እብደት ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን፣ አዋሽ ላይ የሚዘንበው ጥቂት ቀን ቢሆንም ሲመጣ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል፤ በርሜሉ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞልቶ ፈሰሰ። ባሌ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ሁለተኛ በርሜል አመጣ።

ወንዱ ልጅ ተወለደ። ጡት ላይ ምግብ ስጀምርለት ያቺን ሁለት በርሜል በጭልፋ እየለካሁ አጥሚቱንም፣ የሚጠጣውንም ከእሷ አደረግሁ። ሁለት በርሜል ግን ለአንድ ቤት ምንም አይደለም። የሚቀጥለው ዝናብ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በርሜሎቹን ማድ ቤት አስገብቼ ክዳናቸው ላይ ድንጋይ ጫንኩ። እኔም ባሌም አንነካም ተባባልን። ልጅቷን ግን አስቀምጬ ያስረዳኋት አይመስለኝም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት መጣች። ወሩ ግንቦት ነው፣ ምድሩ ይፋጃል። ፊቷ በላብ ተጠምቆ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ በቀጥታ ማድ ቤት ገባች። ድንጋዩ ሲወርድ ሰማሁና ተከትያት ስገባ ኩባያውን ሞልታ አፏ ጋ አድርሳዋለች። ኩባያውን ከእጇ ወሰድኩትና ውሃውን በርሜሉ ውስጥ መለስኩት።

"ያንቺማ አንዴ ሆኗል" አልኳት። "ይሄ ለእሱ ነው።"

አልተቆጣሁም። ድምፄን እንኳ ከፍ አላደረግሁም። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገርኩት፤ ብቆጣ ይሻል ነበር። አሥር ዓመቷ ነው።

"እሺ እማ" አለች። ወጥታ ግቢ ካለው ቧንቧ በእጇ እየጠለቀች ጠጣች። ከማድ ቤቱ በር ቆሜ አየኋት። ሕፃኑ አለቀሰና ወደ እሱ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ በርሜሉን ነክታ አታውቅም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ባሌ ከብየዳ ቤቱ ጎን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። የአዋሽ መሬት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሁለት ሜትር ለመውረድ ወራት ፈጀ። ዙሪያውን በድንጋይ አስገንብቶ በሲሚንቶ አስለሰነው፤ አፉን በላሜራ ክዳን ገጠመው፤ መግቢያው ላይ ወንፊት አሰረበት። ከዚያ በኋላ ውሃ ሞላልን። ዛሬ ሳስበው እንኳ የሚገርመኝ ነገር ብዙ ነው። ሽሮው ጣዕሙ ተለየ። ባቄላው ሳንጠብቀው በሰለ። ልብስ በግማሽ ሳሙና ይታጠብ ጀመር፣ ፀጉሬ እንደ ደጋው ለሰለሰ። ቧንቧው ለሳምንታት ሲጠፋ ሰው ጄሪካን ተሸክሞ ሲንከራተት እኛ ቤታችን ቁጭ ብለን እንቀዳለን። ከጎናችን ሻይ ቤት የነበራቸው አንዲት የወሎ ሴት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው እየመጡ ለሕፃኗ አንድ ጆግ ይወስዱ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው "ማሻ አላህ" ይላሉ። ዝናብ ራህመት፣ የአላህ እዝነት ነው፣ እኛ ግን ራህመቱ በደጃችን ሲፈስ ዕድሜያችንን ሙሉ አይተን ዝም አልን ብለውኛል አንድ ቀን። በኋላ እሳቸውም አሸንዳ አሰቀሉ።

ዝናብ ሲመጣ ሥራ የነበራት ልጄ ናት። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠራርጎ ስለሚመጣ ጉድጓድ አይገባም። እስኪጠራ ድረስ ቱቦውን ወደ ውጭ አዙሮ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ማንም ሳያዛት ደመናው ሲጠቁር ጫማዋን አውልቃ ትወጣለች። ዝናቡ እየወረደባት ቱቦውን በሁለት እጇ ይዛ ትቆማለች። እጆቿ ስለተያዙ አፏን መሸፈን አትችልም። ዝናቡ ፊቷን ሲመታት አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ትስቅ ነበር። ከበሩ ሆኜ አያታለሁ። ያን ሳቅ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። ውሃው ሲጠራ "ጠራ!" ብላ ለአባቷ ትጮህና ቱቦውን ወደ ጉድጓዱ ታዞረዋለች።

የሰበሰበችውን ውሃ ግን አትጠጣም። አሁንማ ሞልቷል፣ ጠጪ እላታለሁ። እሺ ትላለች። ቀና ስል ከቧንቧው ስትቀዳ አያታለሁ። ቧንቧው ሲጠፋ ጎረቤት ሄዳ ትጠጣለች። የለመድኩት ጣዕም ነው የሚጥመኝ ትላለች። እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ወንዱ ልጅ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል የመጀመሪያው ቋሚ ጥርሱ ወጣ። ነጭ ነው። ባሌ ልጁን ወደ ብርሃን ወስዶ፣ ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገልብጦ ደጋግሞ አየው። እሱ የማያለቅሰው ሰው ዓይኑን እንባ ሞላው። በእሱ ወገን ነጭ ጥርስ ያበቀለ የመጀመሪያው ልጅ ነው። ልጄ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በሩ ላይ ቆማ አየች፤ መጥታ የወንድሟን ራስ ሳመችውና "ጎሽ" አለችው። ከዚያ ሳሕን ልታጥብ ወጣች። ቁጭ ብላ ስታጥብ ጀርባዋን አየሁት። ልሂድና አንድ ነገር ልበላት ብዬ ተነሳሁ፤ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ኮሌጅ ስትገባ የላቦራቶሪ ሙያ መረጠች። ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች አስተማሪ ትሆኛለሽ ብዬ ነበር። ሰው ፊት ቆሜ ሳወራ አልውልም አለችኝ። ኮሮና የመጣ ጊዜ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ተመለሰች። ያን ዓመት ሰው ሁሉ ሲፈራና ሲሸማቀቅ እሷ ተፈታች። ማስኳን አድርጋ ገበያ ትወጣለች፣ ከማያውቋት ሰዎች ጋር ቆማ ታወራለች፣ ስትስቅ እጇ አይነሳም። አንድ ቀን ከገበያ ተመልሰን ዕቃ ስናወርድ "ዘንድሮ ሰው ሁሉ እኔን መሰለ እማ" አለችኝ። ቀልዳ ነው። ያን ቀን ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ተመርቃ ሰመራ ተመደበች። ሩቅ ነው፣ ሙቀቱ ከአዋሽ ይብሳል ብዬ ቅር አለኝ። እሷ ደስ ብሏት ሄደች።

ከዚያ አዋሽ ላይ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ከባድ መኪና ያለፈ መስሎን ነበር። እየቆየ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሆነ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ልንበላ ስንቀመጥ ቁም ሣጥኑ ተንሸራተተ፤ ከግድግዳው ልስን ረገፈ። ተሯሩጠን ወጣን። ወሎዬዋ ጎረቤታችን ደጅ ቁጭ ብለው "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላሉ። ሲረጋጋ ባሌ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄዶ ክዳኑን አነሳ። ረጅም እንጨት አስገብቶ ለካ። ውሃው እስከ ደረት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሲለካ እስከ ወገብ ወርዷል። በሦስተኛው ቀን ታች ያለው ጭቃ ታየ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ጥፍር የሚያስገባ እንኳ አይደለም። የአንድ ክረምት ውሃ በዚያች ቀጭን ስንጥቅ ወደ ምድር ገባ። ባሌ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ አባቴ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ደክሞት ነው አልኩት።

ሰው ከተማውን መልቀቅ ሲጀምር ባሌ ብየዳ ቤቱን ሊጠብቅ ቀረና እኔና ልጁን ወደ ሰመራ ላከን።

ልጄ የምትኖረው አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። አልጋዋን ለእኔና ለወንድሟ ለቀቀችልን፣ እሷ መሬት አነጠፈች። ለወንድሟ በየቀኑ የታሸገ ውሃ ይዛ ትመጣለች። ለእኔም ትሰጠኛለች። ራሷ የምትጠጣው ከጄሪካኑ ነው። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ያስተውላል። አንድ ቀን ካመጣችለት ውሃ ግማሹን በብርጭቆ ቀድቶ ሰጣት። አልለምደውም ብላ መለሰችለት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ግቢ ውስጥ ሰሌን አንጥፈን ምስር ስንለቅም ነበር። ልጁ ሱቅ ሄዷል። ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

"አንቺ ዘጠኝ ወርሽ ነበር" አልኳት። "የውሃችንን የምርመራ ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥርስ የሚያበላሸው ነገር እዚያ ላይ ተጽፏል። አላነበብኩትም።"

ጣቶቿ ምስሩ ላይ አልቆሙም።

"ብታነቢውስ ኖሮ?" አለችኝ። "ቁጥር ነው። እኔ ተምሬው እንኳ ከመለኪያው ጋር ካላስተያየሁት አይገባኝም። አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ? ያንን ተይው።"

ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ከዚያ ምስሩን ወደ ጎን አደረገችና ቀና ሳትል ቀጠለች።

"ከበርሜሉ አንድ ኩባያ ብትተይልኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ለጥርሴ አይደለም።"

የረሳችው መስሎኝ ነበር። እኔ በየቀኑ ሳስበው ኖሬ እሷ ልጅ ስለነበረች ረስታዋለች ብዬ ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። የተሰማት አልመሰለኝምና ደግሜ አልኩት።

"እሺ እማ" አለችኝ።

ያኔም ያለችኝ ይህንኑ ነበር። እሺ ማለቷ ይቅርታ ይሁን፣ ነገሩን መዝጋቷ ይሁን አልገባኝም። ልጁ ከሱቅ ተመለሰና ወሬው በዚያ ቆመ። ምስሩን ወጥ አደረግነው። ብዙ ሰዓት እሳት ላይ ቆይቶ እንኳ አልፈረሰም።

መሬቱ ሲረጋጋ ወደ አዋሽ ተመለስን። ባሌ ስንጥቁን ሁለት ጊዜ አስለስኗል፤ አሁንም ግን ውሃውን ቀስ እያለ ይጠጣል። ለጊዜው አሸንዳውን ወደ አንድ የፕላስቲክ ሮቶ አዙሮታል። ሮቶው ለመጠጥና ለወጥ ይበቃናል። በሰፈራችን አራስ ሲኖር ልጠይቅ ስሄድ ስለ ዝናብ ውሃ አነሳለሁ። ጣሪያ ያለው ሰው አንድ በርሜልና ሁለት ሜትር ላሜራ እንደማያጣ፣ የመጀመሪያውን ውሃ እንዲያፈስ፣ በርሜሉን እንዲከድን እነግራለሁ። አንዳንዷ ትሰማለች። አንዳንዷ፣ እኛ ጠጥተን አድገን የለ ወይ ትለኛለች። ውሃው ትንሽ ቢሆን እንኳ ከቤቱ ልጅ ሁሉ እንዲቀምስ እላቸዋለሁ። ይህንን ለምን እንደምጨምር አይጠይቁኝም።

ልጄ ከሰመራ አጠገብ፣ ሎጊያ ላይ ጋራዥ ያለው ሰው አግብታለች። ሠርጉ ትንሽ ነበር። ባሏ ደግ ልጅ ነው። ባለፈው ደውላ ማርገዟን ስትነግረኝ ከደስታዬ በፊት አፌ የቀደመው ስለ ውሃ ነው። ምን ትጠጪያለሽ፣ ልጁ ሲወለድስ ምን ታደርጊያለሽ፣ እዚያ ዝናብ መች አለ አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ይሄን እንኳ ከአንቺ በላይ አውቃለሁ" አለችኝ።

በክፉ አላለችውም። ባለሙያ ናት፣ እውነቷን ነው። የሰመራና የሎጊያ ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ቢሆንም ሲወርድ እንደሚጎርፍ፣ ያከራዩዋቸው ሰውዬም አሸንዳ እንዲሰቅሉ እንደፈቀዱላቸው ነገረችኝ። የሚሠራላቸው ሰው ነው የቸገራቸው።

እኔና አባትሽ እንመጣለን አልኳት።

"አባዬ ይምጣ" አለች። "አንቺ ሥራ አለብሽ። ስወልድ ትመጫለሽ።"

ባሌ ሳምንቱን ሙሉ ላሜራ ሲያጥፍ ከረመ። ወደ ጅቡቲ መንገድ የሚሄድ አንድ የሚያውቀው ሾፌር ተገኘ። ጠዋት አሸንዳዎቹን በጨርቅ ጠቅልለን፣ ለእሷ የገዛነውን አዲስ ሮቶ በገመድ አስረን መኪናው ላይ ጫንን። ልጁ ከአባቱ ጋር ልሂድ ብሎ ትምህርት ስላለው ቀረ። እኔ ለእሷ ትንሽ በሶና የተቀመመ ቅቤ ላኩ። መኪናው አስፋልቱን ይዞ ሲርቅ ቆሜ አየሁና ወደ ቢሮ ሄድኩ።

ባሌ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። አሸንዳው በደንብ እንደገጠመ፣ ሮቶው ጥላ ሥር እንደተቀመጠ፣ እሷም ሆዷ ገፋ እንዳለ ነገረኝ። ስለ እኔ ምን አለች ብዬ ጠየቅሁት። ቅቤው ጥሩ ነው ብላለች አለኝ። ዝናብ ገና አልጣለም።